ከ30 የበለጡት ስንት ናቸው?

እ.ኤ.አ. በ1973 የበጋ ወራት በኒው ዮርክ ከተማ፣ ሩዝቬልት በተባለችው ደሴት ላይ፣ በአየር ውስጥ ያለው የኦዞን መጠን በየቀኑ ይለካ ነበር። ከቀኑ 7 እስከ 9 ሰዓት ያለው አማካይ ለዕለቱ ይመዘገባል። ኦዞን በሰማይ ከፍታ ላይ ሲሆን ከጎጂ የፀሐይ ጨረር ይከላከላል፤ ሰው በሚተነፍሰው አየር ውስጥ ሲገኝ ግን ሳንባን የሚያውክ ብክለት ነው። የመኪና ጭስና የፋብሪካ ጋዝ የፀሐይ ብርሃን ሲያገኛቸው ይፈጠራል። የሜይ ወር 31 ቀናት ልኬት፣ በአንድ ቢሊዮን የአየር ክፍል ውስጥ ስንቱ ክፍል ኦዞን እንደሆነ የሚያሳየው፣ እንዲህ ይነበባል፦

41፣ 36፣ 12፣ 18፣ የለም፣ 28፣ 23፣ 19፣ 8፣ የለም፣ 7፣ 16፣ 11፣ 14፣ 18፣ 14፣ 34፣ 6፣ 30፣ 11፣ 1፣ 11፣ 4፣ 32፣ የለም፣ የለም፣ የለም፣ 23፣ 45፣ 115፣ 37።

ኦዞኑ ከ30 የበለጠባቸው ቀናት ስንት ናቸው? እርሳስ ይዞ የሚቆጥር ሰው 7 ያገኛል፦ 1ኛው፣ 2ኛው፣ 17ኛው፣ 24ኛው እና የወሩ የመጨረሻ ሦስት ቀናት። ለ31 ቁጥር እርሳስ ይበቃል። የሆስፒታል መዝገብ፣ የባንክ የብድር ሰነድ ወይም አገር አቀፍ የጤና ጥናት ሲሆን ረድፉ በሺዎች፣ አንዳንዴም በሚሊዮኖች ይቆጠራል። ጥያቄው ግን አይለወጥም። የደም ግፊታቸው ከ140 ያለፈ ታካሚዎች ስንት ናቸው? ክፍያቸውን ከ90 ቀን በላይ ያዘገዩ ተበዳሪዎችስ? ከድህነት ወለል በታች የሚኖሩ ቤተሰቦችስ? በጋዜጣና በሪፖርት ላይ «ከመቶ ይህን ያህሉ» እየተባለ የሚነበበው አኃዝ አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ካለ ቆጠራ የተገኘ ነው።

በስታቲስቲክስ ፕሮግራሚንግ ይህ ቆጠራ የአንድ መስመር ሥራ ነው። አጭርነቱ ግን ያዘናጋል። መልሱን የሚወስኑት ሁለት ነገሮች ናቸው፦ መስፈርቱ በድንበሩ ላይ ያለውን ምን እንደሚያደርገውና ልኬት የሌለው ከየትኛው ወገን እንደሚመደብ። ሁለቱም ካልተነገሩ የታተመው ቁጥር ምን እንደቆጠረ አንባቢው ሊያውቅ አይችልም። የኒው ዮርኩ ረድፍ አጭር ቢሆንም ሁለቱንም ችግሮች ይዟል።

መዝገቡ ከሜይ እስከ ሴፕቴምበር 153 ቀናትን የሚሸፍን ሲሆን፣ ጆን ቻምበርስና ባልደረቦቹ በ1983 ባሳተሙት የሥዕላዊ መረጃ ትንተና መጽሐፍ ውስጥ ተካቷል። (የዚህ ጽሑፍ ዓመታት፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ዛሬ «አር» የተባለውን ነፃ የስታቲስቲክስ ቋንቋ በኮምፒውተሩ ላይ የጫነ ሁሉ «ኤርኳሊቲ» በሚል ስም አብሮ ያገኘዋል። ተማሪዎች የሚለማመዱት በእሱ ነው።

በአር ውስጥ እንዲህ ያለ የቁጥሮች ረድፍ ቬክተር ይባላል፦ አንድ ዓይነት የሆኑና ቅደም ተከተላቸው የታወቀ እሴቶች ስብስብ ነው። በቆዩት የፕሮግራሚንግ ቋንቋዎች ረድፉን ለመቁጠር ብዙ ትእዛዝ ያስፈልግ ነበር። ቆጣሪውን ከ0 ጀምር፤ የመጀመሪያውን ቁጥር አንሣ፤ ከ30 ከበለጠ በቆጣሪው ላይ 1 ጨምር፤ ወደሚቀጥለው እለፍ፤ እስኪያልቅ ድገም። በአር ይህ ሁሉ መዘርዘር የለበትም። «ኦዞን > 30» ተብሎ ሲጻፍ ጥያቄው ለሁሉም በአንድ ጊዜ ይቀርባል፤ መምህር በክፍል ውስጥ «ከ30 በላይ ያገኘ እጁን ያውጣ» ሲል ተማሪዎቹን አንድ በአንድ እንደማይጠራ ሁሉ። የሚመለሰውም አንድ መልስ ሳይሆን ሌላ ባለ 31 ረድፍ ነው፦ እውነት፣ እውነት፣ ሐሰት፣ ሐሰት እያለ ይቀጥላል።

ከዚያ ይደመራል። «እውነት» እንደ 1፣ «ሐሰት» እንደ 0 ስለሚወሰድ የረድፉ ድምር የእውነቶቹን ብዛት ይሰጣል። «ሰም» የተባለው የአር መደመሪያ ፈንክሽን ለዚህ ሥራ የሚያገለግለው በዚህ ምክንያት ነው። አማካይ አውጪው «ሚን» ደግሞ ከዚያው ረድፍ ላይ ድርሻውን ያወጣል፤ የ1ና የ0 አማካይ የ1ዎቹ ድርሻ ነውና። ብዛቱን ለሚፈልግ ድምር፣ ፐርሰንቱን ለሚፈልግ አማካይ፤ ሁለቱም በአንዲት አጭር መስመር ያልቃሉ።

እውነትን 1፣ ሐሰትን 0 ማድረግ የኮምፒውተር ሰዎች ፈጠራ አይደለም። የእንግሊዛዊ ጫማ ሠሪ ልጅ የነበረውና አብዛኛውን ዕውቀቱን በግል ንባብ ያካበተው ጆርጅ ቡል በ1854 ባሳተመው የአስተሳሰብ ሕግጋት መጽሐፉ አመክንዮን በአልጀብራ ሊጽፍ ተነሣ። አንድ ነገር በራሱ ቢባዛ ራሱን የሚሰጠው መቼ ነው ብሎ ጠየቀ፤ ይህን የሚያሟሉት ቁጥሮች 0 እና 1 ብቻ ናቸው። ሥርዓቱን የገነባው በነዚህ ላይ ነው።

መስፈርት እየለየ የሚቆጥር መሣሪያ በሰፊው ሥራ ላይ የዋለው ደግሞ በ1890 የአሜሪካ ሕዝብ ቆጠራ ነው። ኸርማን ሆለሪዝ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ካርድ መደበ፤ ጾታው፣ ዕድሜው፣ የትውልድ አገሩ በካርዱ ላይ በቀዳዳ ይመዘገባል። ካርዱ ከማሽኑ ሲገባ ቀጫጭን ዘንጎች በየቀዳዳው አልፈው ሜርኩሪ ከያዘ ትንሽ ጽዋ ይደርሳሉ፤ ኤሌክትሪክ ይተላለፋል፤ የቆጣሪው ቀስት አንድ እርምጃ ይሄዳል። ቀዳዳ ከሌለ ኤሌክትሪክ የለም፤ ቀስቱም ባለበት ይቆማል። ሽቦዎቹን በማያያዝ «ወንድ ሆኖ በውጭ አገር የተወለደ» የሚለውን ጥምር መስፈርት የሚያሟሉትን ብቻ መቁጠር ይቻል ነበር። ከ62 ሚሊዮን በላይ ሰው በዚህ መንገድ ተቆጠረ። የሆለሪዝ ድርጅት ከሌሎች ጋር ተዋሕዶ በ1924 አይቢኤም የሚለውን ስም ያዘ።

ካናዳዊው ኬኔዝ አይቨርሰን የሠራውም በአይቢኤም ነው። በ1962 ባሳተመው መጽሐፍ ያስተዋወቀውና «ኤፒኤል» የተባለው የሒሳብ አጻጻፍ፣ በኋላም የፕሮግራሚንግ ቋንቋ፣ ማነጻጸሪያን እንደ ማንኛውም የሒሳብ ምልክት ቆጠረው። ውጤቱ 1 ወይም 0 ነው፤ ስለዚህ ሊደመር፣ ሊባዛ ይችላል። በእሱ አጻጻፍ የኒው ዮርኩ ጥያቄ «+/ኦዞን>30» ይሆናል። የመደመር ምልክት፣ የረድፉ ስምና መስፈርቱ ብቻ፤ ከዚህ ያጠረ አጻጻፍ ማግኘት ይከብዳል። አይቨርሰን በ1979 የቱሪንግ ሽልማትን ተቀብሏል።

ቻምበርስና ባልደረቦቹ በ1976 በቤል ላብስ «ኤስ» የተባለውን የስታቲስቲክስ ቋንቋ መሥራት ጀመሩ። በኒው ዚላንድ ኦክላንድ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ሮስ ኢሃካና ሮበርት ጀንትልማን በ1990ዎቹ መጀመሪያ እሱን መሠረት አድርገው አርን ፈጠሩ። የቋንቋው ስም የሁለቱ መጠሪያ ስሞች የጋራ መጀመሪያ ፊደል ነው። በ1995 ማንም በነፃ ሊጠቀምበትና ሊያሻሽለው በሚችል ፈቃድ ተለቀቀ፤ 1.0.0 የተባለው ዕትም የወጣው ፌብሩዋሪ 29 ቀን 2000 ነው። ነፃ መሆኑ ቀላል ነገር አይደለም። ውድ የሶፍትዌር ፈቃድ መግዛት ለማይችል ዩኒቨርሲቲና ተማሪ፣ ትልልቆቹ የምርምር ተቋማት የሚጠቀሙበት መሣሪያ በእጁ ገባ ማለት ነው።

ሁሉም ቋንቋ ግን እውነትን 1 አላደረገም። በቪዥዋል ቤዚክ «እውነት» ወደ ቁጥር ሲለወጥ 1 ሳይሆን ከዜሮ በታች 1 ነው። በዚያ ቋንቋ የሰባቱ ቀናት ድምር ከዜሮ በታች 7 ይሆናል።

አሁን ወደ ባዶዎቹ ቀናት እንሂድ። በ5ኛው፣ በ10ኛው እና ከ25ኛው እስከ 27ኛው ቀን ልኬት የለም። አር እነዚህን «ኤንኤ» በሚል ምልክት ይይዛቸዋል። ያልታወቀ ቁጥር ከ30 ይበልጣል ወይ ተብሎ ሲጠየቅ የአር መልስ እውነትም ሐሰትም ሳይሆን «አይታወቅም» ነው። ረድፉ ሲደመርም 26 የታወቁ መልሶችና 5 የማይታወቁ ስላሉ ድምሩ «አይታወቅም» ይሆናል። ጀማሪዎች በዚህ ይበሳጫሉ፤ ሰባቱ ቀናት በዓይን እየታዩ ማሽኑ አላውቅም ይላል። መልሱ ግን ትክክል ነው። አምስቱ ቀናት ቢለኩ ኖሮ ቁጥሩ ከ7 እስከ 12 የትኛውም ሊሆን ይችል ነበር። ተጠቃሚው «የማይታወቁትን ተዋቸው» ብሎ በግልጽ ሲያዝ ብቻ 7 ይመጣል። ውሳኔውን የወሰደው ሰውየው ነው፤ ውሳኔውም በኮዱ ላይ ተጽፎ ይቀራል።

አደጋው የሚመጣው ሌላ መንገድ ሲመረጥ ነው። ብዙ ሰው ከ30 የበለጡትን ቁጥሮች ለይቶ ያወጣና የወጡትን ርዝመት ይለካል። ምክንያታዊ ይመስላል፤ መልሱ ግን 12 ይሆናል። አር ሲለይ የማይታወቁትን አይጥላቸውም፤ ቦታቸውን እንደያዙ ከሰባቱ ጋር አብረው ይወጣሉ፤ ርዝመት ለኪው «ሌንግዝ» ደግሞ ባዶውንም ቦታ ይቆጥራል። የስህተት መልእክት የለም፤ ማስጠንቀቂያ የለም። «የትኞቹ» ብሎ የእውነቶቹን ተራ ቁጥር የሚያወጣው «ዊች» ግን የማይታወቁትን ስለሚተው በእሱ በኩል የሄደ ሰው ትክክለኛውን 7 ያገኛል። የማነጻጸሪያውን ረድፍ ሳይደምር ርዝመቱን ብቻ የለካ ሰው ደግሞ 31 ያገኛል፤ እውነትም ሐሰትም እኩል አንድ ቦታ ይይዛሉና። አንድ ረድፍና አንድ ጥያቄ እንደ አጻጻፉ አራት መልስ ሰጡ፦ አይታወቅም፣ 7፣ 12፣ 31።

ከአር ውጭም ነገሩ እንደየፕሮግራሙ ይለያያል። በጤናና በኢኮኖሚ ጥናት ተመራማሪዎች ዘንድ በሰፊው የሚሠራበት ስታታ የሌለን ልኬት ከማንኛውም ቁጥር የሚበልጥ አድርጎ ይይዘዋል፤ ስለዚህ «ከ30 የሚበልጡትን ቁጠር» ሲባል ባዶዎቹን ጨምሮ 12 ይላል። ሳስ የተባለው ተቀናቃኙ በተቃራኒው ከሁሉ የሚያንስ ያደርገዋል። ከ30 የሚበልጡትን ሲጠየቅ በትክክል 7 ይመልሳል፤ ከ30 የሚያንሱት ስንት ናቸው ቢባል ግን 18 ማለት ሲገባው 23 ይላል። በፓይተን ቋንቋ የሚሠራው ነምፓይ የሌለውን ልኬት በሁለቱም ጥያቄ «ሐሰት» ብሎ ያልፈዋል። የኤክሴሉ «ካውንትኢፍ» ባዶውን ሳጥን ይዘለዋል። ሁሉም የየራሱ ምክንያት ያለው የታወቀ ደንብ ነው፤ በየመመሪያው ተጽፏል። ከአንዱ ፕሮግራም ወደ ሌላው የሚሸጋገር ተመራማሪ ግን የቀድሞውን ልማድ ይዞ ከሄደ በአምስት ቀን ይሳሳታል፤ የውሂቡ ብዛት በጨመረ ቁጥር ስህተቱም ያድጋል። ከነዚህ ሁሉ የአር መንገድ ይሻላል ብሎ መናገር ይቻላል፤ ባለማወቁ ቆሞ ተጠቃሚውን የሚያስወስነው እሱ ብቻ ነውና።

«አይታወቅም» የሚለው ሦስተኛ መልስ የራሱ ሕግ አለው። አሜሪካዊው የሒሳብ ሊቅ ስቲቨን ክሊኒ በ1938 ያቀረበው ባለ ሦስት መልስ አመክንዮ ከአር አሠራር ጋር ይገጥማል፦ የማይታወቅ «እና» ሐሰት፣ ሐሰት ነው። የማይታወቀው ምንም ሆኖ ቢገኝ ሁለቱ በአንድነት እውነት ሊሆኑ አይችሉምና።

ይህን በኒው ዮርኩ መዝገብ ላይ ማየት ይቻላል። በመዝገቡ ውስጥ የየዕለቱ ከፍተኛ ሙቀትም በፋራናይት ተጽፏል። ኦዞኑ ከ30፣ ሙቀቱ ደግሞ ከ70 ዲግሪ፣ ማለትም ከ21 ሴልሺየስ ግድም፣ የበለጠባቸው የሜይ ቀናት ስንት ናቸው? ሁለቱ መስፈርቶች በ«እና» ምልክት ይያያዛሉ፤ ድምሩ 4 ይመጣል፦ 2ኛው፣ 29ኛው፣ 30ኛውና 31ኛው ቀን። የሚገርመው አር በዚህኛው ጥያቄ «አይታወቅም» አላለም። የኦዞን ልኬት የሌላቸው አምስቱም ቀናት ቀዝቃዛ ነበሩ፤ ከመካከላቸው ሞቃቱ እንኳን 69 ዲግሪ ነው። ኦዞናቸው ቢለካም ባይለካም ሁለቱን መስፈርቶች በአንድነት ሊያሟሉ አይችሉም። ስለዚህ መረጃው ቢጎድልም መልሱ የተረጋገጠ ነው። ወሩ 70ን ያለፉ 7 ቀናት ብቻ ነበሩት፤ ከነሱ በ4ቱ ኦዞኑ ከ30 አልፏል። በቀሩት 24 ቀናት ይህ እንደሆነ የተመዘገበው 3 ጊዜ ነው። ሙቀትና ኦዞን አብረው እንደሚሄዱ በሁለት ቆጠራ ብቻ ፍንጭ ተገኘ።

ድንበሩስ? በ19ኛው ቀን ልኬቱ በትክክል 30 ነው። «ከ30 የበለጠ» ሲባል አይቆጠርም፤ «30 እና ከዚያ በላይ» ሲባል ይቆጠርና 7ቱ 8 ይሆናሉ። በኮድ ላይ ልዩነቱ አንዲት የእኩል ምልክት ናት። ፐርሰንት ሲወጣ ደግሞ መካፈያው ያከራክራል። 7 ለ31 ሲካፈል 23 በመቶ ግድም ነው፤ ለተለኩት 26 ቀናት ሲካፈል 27 በመቶ ግድም። አር የማይታወቁትን እንዲተው ሲታዘዝ የሚያካፍለው ለ26 ነው።

የነጥብ ቁጥሮች ላይ ድንበሩ ይበልጥ ይከፋል። ከ0 ጀምሮ 0.1 እየጨመረ እስከ 1 የሚሄድ ረድፍ ተሠርቶ «በትክክል 0.3 የሆኑ ስንት ናቸው?» ቢባል አር 0 ይላል። ኮምፒውተር ቁጥርን የሚይዘው በሁለት አኃዝ ስለሆነ 0.1ን በትክክል መጻፍ አይችልም፤ 0.1 በ3 ሲባዛ ከ0.3 በጣም በጥቂቱ የሚበልጥ ቁጥር ይወጣል። በስክሪኑ ላይ 0.3 ተብሎ ይታያል፤ እኩል ነህ ወይ ሲባል ግን አይደለም። መፍትሔው ከ0.3 ያለው ርቀት እጅግ ትንሽ የሆነውን መቁጠር ነው።

ይህ ሁሉ የሰው ሕይወት በሚነካበት ቦታ ምን እንደሚመስል ለማየት የኢትዮጵያን የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ማንሣት ይበቃል። ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች ከሆኑ ሕፃናት መካከል የቀነጨሩት በ2000 ከመቶ 58 ነበሩ፤ በ2005 51፣ በ2011 44፣ በ2016 ደግሞ 38 ሆኑ። የአገሪቱ የሥርዓተ ምግብ ዕቅዶች፣ የለጋሾች በጀትና የመንግሥት ቃል ኪዳን እነዚህን ቁጥሮች ይጠቅሳሉ። እያንዳንዳቸው ከመስፈርት ቆጠራ የተገኙ ናቸው። የሕፃኑ ቁመት ከዕድሜ እኩዮቹ መካከለኛ ቁመት ምን ያህል እንደሚርቅ «ዜድ» በተባለ መለኪያ ይሰላል፤ ከዜሮ በታች ከ2 ካነሰ ቀንጭሯል ይባላል። ከዜሮ በታች ከ3 ካነሰ መቀንጨሩ ከባድ ነው፤ በ2016 እንዲህ የሆኑት ከመቶ 18 ነበሩ። እኩዮች የሚባሉት የዓለም ጤና ድርጅት ከብራዚል፣ ከጋና፣ ከሕንድ፣ ከኖርዌይ፣ ከኦማንና ከአሜሪካ ሕፃናት ልኬት አዘጋጅቶ በ2006 ያወጣው መመዘኛ ውስጥ ያሉት ናቸው።

2 ዓመት ለሞላው ወንድ ልጅ ድንበሩ 81 ሴንቲ ሜትር ግድም ነው። ልጁ ቆሞ ሲለካ ከተኛበት ልኬት በ0.7 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሚያጥር፣ 2 ዓመት ያልሞላው ተኝቶ፣ የሞላው ቆሞ እንዲለካ ደንቡ ያዛል። ድንበሩ ላይ ላለ ሕፃን ይህች ልዩነት «እውነት» ወይም «ሐሰት» የምታሰኝ ናት። የልደት ቀኑም እንዲሁ፤ የሁለት ወር ስህተት ልጁን ከማይመስለው እኩያ ጋር ያነጻጽረዋል።

እዚህ ላይ አር ውስጥ ያለች አንዲት ወጥመድ ትመጣለች። በአር «<-» ቀስት ናት፤ በስተቀኝ ያለውን እሴት በስተግራ ላለው ስም ስጥ ማለት ነው። ተመራማሪው ከዜሮ በታች ከ2 የሚያንሱትን ለመቁጠር «ዜድ<-2» ብሎ ክፍት ቦታ ሳይተው ከጻፈ፣ አር የሚረዳው «ዜድ ከአሁን ጀምሮ 2 ነው» ብሎ ነው። የሕፃናቱ ልኬት ሁሉ ይጠፋና በቦታው አንድ 2 ይቀመጣል፤ የመደመሪያው ፈንክሽንም «2» ብሎ ይመልሳል። ስህተት የሚል ነገር አይወጣም። «ዜድ < -2» ብሎ በምልክቶቹ መካከል ክፍት ቦታ መተው፣ ወይም ከዜሮ በታች 2ን በቅንፍ ማስገባት ያድናል። የመቀንጨር፣ የመክሳትና የክብደት ማነስ መለኪያዎች ሁሉ ድንበራቸው ከዜሮ በታች ስለሆነ ይህ ስህተት የሥርዓተ ምግብ ተመራማሪን ከማንም በላይ ያሰጋዋል።

የጎደለ ልኬት ጉዳይም እዚህ በሌላ መልክ ይመለሳል። ዜዱ ከ6 የበለጠ ወይም ከዜሮ በታች ከ6 ያነሰ ሕፃን ልኬቱ ወይም ዕድሜው ተሳስቷል ተብሎ ከቆጠራው ይወጣል፤ ከመካፈያውም ጭምር።  በጥናቱ ፋይሎች ውስጥ ያልተለካ ሕፃን አንዳንዴ 9999 እየተባለ ይመዘገባል። ይህ ቁጥር «አይታወቅም» ወደሚለው ምልክት ካልተለወጠ ሕፃኑ እጅግ ረጅም ሆኖ ይገኝና ካልቀነጨሩት ጋር ይደመራል፤ የመቀንጨሩ ድርሻ ያለ አግባብ ዝቅ ይላል።

በዚያ ላይ ተራ ድምር አይበቃም። በ2016ቱ ጥናት 645 የቆጠራ ቦታዎች በወቅቱ ለነበሩት ዘጠኝ ክልሎችና ለሁለቱ ከተማ አስተዳደሮች ሲከፋፈሉ፣ እንደ ሐረሪና ጋምቤላ ያሉ ሕዝባቸው አነስተኛ የሆነ ክልሎች ከድርሻቸው በላይ ናሙና ተሰጣቸው፤ አለዚያ ስለነሱ ብቻ የሚያስተማምን አኃዝ ማውጣት አይቻልም ነበር። አገራዊው ቁጥር ሲሰላ ግን ሚዛኑ መመለስ አለበት። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሕፃን የናሙና ክብደት ይሰጠዋል፤ የሐረሪው ሕፃን 1 ከኦሮሚያው ሕፃን 1 ያነሰ ዋጋ ይይዛል። 1ዎቹና 0ዎቹ በየክብደታቸው ይባዛሉ፣ ይደመራሉ፣ ለክብደቶቹ ድምር ይካፈላሉ። እውነት ቁጥር መሆኑ እዚህ ላይ ፍሬ ያፈራል፤ መስፈርት ሊባዛ ባይችል ይህ ስሌት እንዲህ ባልቀለለ።

የኢትዮጵያን መረጃ የሚመለከት አንድ ነገር ይቀራል። የጥናቱ ፋይሎች ቀኖች በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተመዘገቡ ናቸው። በ2016 የተካሄደው ጥናት የቃለ መጠይቅ ዓመት በመዝገቡ ላይ 2008 ይላል። የብዙ አገሮችን ፋይሎች በአንድ ላይ የሚተነትን የውጭ አገር ተመራማሪ «የቃለ መጠይቁ ዓመት 2016 የሆኑትን ቁጠር» ብሎ ቢጽፍ ኮዱ ያለ ችግር ይሠራል፤ የኡጋንዳውን ይቆጥራል፤ ለኢትዮጵያ ግን 0 ይመልሳል። በቬክተሩ ውስጥ ያለ ሁሉ «ሐሰት» ሆኗል። ፋይሎቹ ጊዜን የሚይዙት ከ1900 ጀምሮ በተቆጠሩ ወራት ስለሆነ ማስተካከያው አጭር ነው፦ በኢትዮጵያ አቆጣጠር በተመዘገበው የወር ቁጥር ላይ 92 ይደመራል፤ መስፈርቱ የሚጠየቀው ከዚያ በኋላ ነው።